ተሳቢ የሚጎትት ተሽከርካሪ በምን ያህል ፍጥነት ይነዳ? የአዳማ–አሰላ–በቆጂ መንገድ እንደ ማሳያ

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ ከሌላው ጊዜ የተለየ እንቅስቃሴ ያስተናግዳል። ባዶ የጭነት መኪኖች ከነተሳቢያቸው ወደ ደጋው ይወጣሉ፤ ስንዴና የቢራ ገብስ የጫኑት ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳሉ። ኮምባይነሮች ከማሳ ወደ ማሳ ይዘዋወራሉ፤ ትራክተሮች ጆንያ የተቆለለበትን ተሳቢ ይጎትታሉ፤ ፒክአፖች ደግሞ ጄኔሬተር፣ የውኃ ታንከር ወይም የግንባታ ዕቃ የጫነ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አስከትለው ይታያሉ። በዚሁ መንገድ ዳር የፈረስ ጋሪ፣ ከብትና ተማሪ አለ። በማለዳ የሚሮጡ ወጣቶችም አሉ፤ አካባቢው ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራ በመሆኑ የመንገዱ ትከሻ ለብዙዎች የመለማመጃ ሜዳ ጭምር ነው።

ትራክተርና በትራክተር የሚጎተት ዕቃ ለአርሲ አዲስ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ከሠራባቸው ዓመታት ጀምሮ የእርሻ መሣሪያ በአካባቢው ይታወቃል። በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ መፈቀዱ ደግሞ ለአርሶ አደሩና ለመሣሪያ አከራዩ በር ከፍቷል። መሣሪያው በበዛ ቁጥር በአስፋልት ላይ የሚጎተተውም ይበዛል። ከዚህ አኳያ አሽከርካሪዎችም ሆኑ ባለንብረቶች ሊያነሡት የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ተሳቢ ሲጎተት አስተማማኝ የሚባለው ፍጥነት ስንት ነው?

ብዙ ጊዜ መልሱ ከሞተሩ ጉልበት ይፈለጋል። መኪናው ዳገቱን ሳይቸገር ከወጣ ጭነቱ ልክ ነው፣ ፍጥነቱም ልክ ነው ተብሎ ይታሰባል። ይህ ስሕተት ነው። የሞተሩ ጉልበት የሚናገረው ተሽከርካሪው መሄድ እንደሚችል ብቻ ነው፤ ቀጥ ብሎ መሄድና መቆም መቻሉን የሚወስኑት የጭነቱ አቀማመጥ፣ ጎማውና ፍሬኑ ናቸው።

ተሳቢ ለምን ይወዛወዛል?

ተሳቢ ከጎታቹ ጋር በአንድ ነጥብ ብቻ የተያያዘ ነው። የጎን ነፋስ፣ የተሰበረ አስፋልት፣ ወይም ከአጠገቡ ሲያልፍ አየር የሚገፋ አውቶቡስ የተሳቢውን የኋላ ክፍል በትንሹ ወደ ጎን ያወጣዋል። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ከሆነ ጎማዎቹ መንገዱን ቆንጥጠው ስለሚይዙ ተሳቢው አንዴ ሁለቴ ተወዛውዞ ይረጋጋል። ፍጥነት ሲጨምር ግን ይህ የመረጋጋት አቅም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከአንድ ወሰን በላይ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀደመው እየሰፋ ይቀጥላል። በዚያ ጊዜ ጎታቹም አብሮ መወዛወዝ ይጀምራል።

ይህ የወሰን ፍጥነት በየትኛውም የመንገድ ምልክት ላይ ተጽፎ አይገኝም። ለእያንዳንዱ ተሳቢ፣ ለእያንዳንዱ አጫጫንም የተለያየ ነው። ትናንት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያለ እንከን የተጓዘ ተሳቢ ዛሬ ጭነቱ ወደ ኋላ ስለተደረደረ ብቻ በ65 ሊወዛወዝ ይችላል። አሽከርካሪው መኪናውንም መንገዱንም የሚያውቅ በመሆኑ ችግር አይጠብቅም። አደጋውን የሚያከፋውም ይኸው ነው።

ስለ ጉዳዩ በስፋት የተጠናው በውጭ አገር ቤተሰቦች ለጉዞና ለሽርሽር በሚጎትቱት የመኖሪያ ተሳቢ፣ በተለምዶ ካራቫን በሚባለው ላይ ነው። ይህ ዓይነቱ ተሳቢ በአገራችን እምብዛም አይታይም፤ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአሰላ በኩል ለሚጓዝ ሰው ግን መንገዱ ይኸው ነው፤ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በሚኖሩበት አገር ተከራይተው ሊጎትቱት ይችላሉ። በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተሳቢ ላይ ባደረጉት ሙከራ መረጋጋትን በዋናነት የሚወስኑት ተሳቢው በመጎተቻው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት፣ የአክስሉ ቦታና የጭነቱ ሥርጭት መሆናቸውን አሳይተዋል። ከባድ ዕቃ በተሳቢው ሁለት ጫፎች ላይ ከተቀመጠ፣ ጠቅላላ ክብደቱ ባይጨምርም፣ አንዴ የጀመረውን ውዝዋዜ ለማቆም ይከብዳል። ለካራቫን የሚሠራው ይህ ሕግ ጄኔሬተር ለጫነው ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢም ያለ ለውጥ ይሠራል።

ስለሆነም ከባዱ ዕቃ ከአክስሉ በላይና ትንሽ ወደ ፊት፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። በአውሮፓ የሚመከረው ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ላይ እንዲያርፍ ነው፤ በአሜሪካ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይመከራል። ልዩነቱ ከተሽከርካሪዎቹና ከመጎተቻዎቹ አሠራር የሚመጣ ስለሆነ የመኪናዎ አምራች የፈቀደውን መጠን መመልከት ያስፈልጋል። ለምሳሌ 1,500 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ተሳቢ 5 በመቶው 75፣ 10 በመቶው 150 ኪሎ ግራም ነው። ይህን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ተሳቢውን በደልዳላ ቦታ አቁሞ የመጎተቻውን ጫፍ እህል በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ማሳረፍ ይበቃል።

በተግባር የሚስተዋለው ግን ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። ለማራገፍ እንዲመች ከባዱ ዕቃ በመጨረሻ፣ ከበሩ አጠገብ ይጫናል። ከዚያም ተሳቢውን ከመኪናው ጋር ለማያያዝ አንድ ሰው የመጎተቻውን ጫፍ በአንድ እጁ ሲያነሣው “ቀሎናል” ተብሎ ደስ ይላል። የተጫነ ተሳቢ ጫፉ በአንድ እጅ የሚነሣ ከሆነ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ጭነቱ እንደገና መደርደር አለበት።

ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲሆን ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አሽከርካሪው በድንገት ከመንገድ የገባን በሬ ለመሸሽ መሪውን ቶሎ ሲያዞር የፊተኛው መኪና የሚያደርገው እንቅስቃሴ ወደ ተሳቢው ሲደርስ ይጎላል። በዚህም ምክንያት መኪናው ሳይገለበጥ ተሳቢው ብቻ ሊገለበጥ ይችላል፤ አሽከርካሪው የሆነውን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ኩርባ ላይም ተመሳሳይ ነው። በአንድ ኩርባ ላይ በሰዓት 50 የሚጓዝ ተሽከርካሪ ፍጥነቱን 70 ቢያደርግ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል በእጥፍ ያህል ይጨምራል። የፍጥነት መለኪያው ያሳየው ጭማሪ 20 ብቻ ነው። ጆንያው ከፍ ብሎ በተቆለለ ጊዜ ደግሞ ለመገልበጥ የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል። በተጨማሪም ተሳቢው ኩርባ ላይ ከመኪናው የጎማ ዱካ ወደ ውስጥ ያደላል፤ የመኪናው አፍ ያለፈውን እግረኛ የተሳቢው የኋላ ጎማ ሊያገኘው ይችላል።

ቁልቁለቱ

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከአዳማ እስከ አሰላ ያለው ርቀት 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የመንገዱ ዝቅተኛ ክፍል የአዋሽን ወንዝ በሚሻገርበት በአዋሽ መልካሳ አካባቢ ነው፤ ከፍታውም ወደ 1,550 ሜትር ነው። ከዚያ ተነሥቶ በዴራ፣ በኢተያና በጎንዴ በኩል እስከ አሰላ 900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወጣል። ከአሰላ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ሲቀጠል ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ይደርሳል።

አሽከርካሪዎች ስለዚህ መንገድ ሲናገሩ በአብዛኛው የሚያማርሩት ስለ ዳገቱ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በደጋው አየር ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር አሰላ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ዳገት ግን ትዕግሥትን እንጂ ሕይወትን አይጠይቅም። ሊያሳስብ የሚገባው መልሱ ነው፤ ምርቱ የሚጫነው ደጋው ላይ በመሆኑ ተሳቢው ሙሉ ክብደቱን ይዞ የሚጓዘው ቁልቁል ነው።

መጠኑን ለመገመት ያህል፣ 40 ቶን የሚመዝን መኪና ከነተሳቢው ከአሰላ እስከ አዋሽ ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል አንድ ሺህ ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን የጎማው ፍትጊያና የአየሩ ግፊት ይወስዱታል። ቀሪውን ሊሸከም የሚችለው ሞተሩ ነው፣ አለዚያም ፍሬኑ። ሁሉም በፍሬን ላይ ከተጣለ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን መያዝ እየተሳነው ይሄዳል፤ ፔዳሉ በእግር ሥር እንደ ወትሮው ቢገኝም መኪናው አይቆምም። በዚህ ረገድ ክፉው ልማድ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መውረድ ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጠባ ጥቂት ሲሆን፣ ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሣ ነዳጅ መርጨት ስለሚያቆም ቁጠባ የሚባለውም አብሮ ይቀራል።

ትክክለኛው አሠራር ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነት መቀነስና ከባድ ማርሽ መግባት ነው፤ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ መውረድ የሚለው የቆየ የአሽከርካሪዎች ምክር ዛሬም መልካም መነሻ ነው። የሞተር ፍሬን ያለው መኪና እሱን ማስቀደም ይገባዋል። የእግር ፍሬኑ ለአጭር ጊዜ ጠንከር ተደርጎ ተይዞ ፍጥነቱ ሲቀንስ መለቀቅ አለበት እንጂ ቀለል አድርጎ ያለማቋረጥ መርገጥ ፍሬኑን ያቃጥለዋል። ኢተያ ላይ ቆም ብሎ መኪናውንና ተሳቢውን መዞር ጠቃሚ ነው። የእጅን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሃል፣ ሳይነኩ፣ በማስጠጋት የትኛው እንደጋለ ይታወቃል። የአንድ ወገን ጎማ ብቻ የጋለ ከሆነ ፍሬኑ ተጣብቋል፤ የተሳቢው ጎማዎች ሁሉ ቀዝቃዛ ሆነው የመኪናው ከጋሉ ደግሞ የተሳቢው ፍሬን አልሠራም፣ ሸክሙን ሁሉ የፊተኛው ተሸክሞታል ማለት ነው።

በየከተማው የብረታ ብረት ሥራ ቤት ተበይደው ለፒክአፕ ከሚሠሩት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢዎች ውስጥ የራሳቸው ፍሬን የሌላቸው አሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አጠቃላይ ክብደቱ ከ750 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ይጠየቃል። አንድ ቶን ተኩል የጫነ ፍሬን የለሽ ተሳቢ በቁልቁለት ላይ መኪናውን ከኋላ እንደሚገፋ ሌላ መኪና ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎችን በሚመለከት አንድ ነጥብ መጨመር ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ቁጥር ጨምሯል። እነዚህ መኪኖች ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተራቸው ኃይል እያመነጨ ባትሪውን ይሞላል፣ በዚያውም መኪናውን ይይዛል። ይሁን እንጂ ባትሪው አሰላ ላይ ጢም ብሎ ከተሞላ ቁልቁለቱ ሲጀምር የሚመነጨውን የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ አሽከርካሪው የለመደው የሞተር መያዝ ይዳከምና ሥራው ወደ እግር ፍሬኑ ይዞራል። ከደጋ ለሚነሣ ጉዞ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ አለመሙላት ይመረጣል። ከሁሉ በፊት ግን መኪናው ተሳቢ ለመጎተት በአምራቹ የተፈቀደለት መሆኑ ይረጋገጥ፤ ብዙ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች አልተፈቀደላቸውም።

ታዲያ ስንት?

በአገራችን የትራፊክ ደንብ የፍጥነት ወሰን እንደ ተሽከርካሪው ዓይነት፣ በከተማ ውስጥና ውጭ እንዲሁም እንደ መንገዱ ደረጃ ይለያያል፤ ለከባድና ተሳቢ ላለው ተሽከርካሪ የሚፈቀደው ለአውቶሞቢል ከሚፈቀደው ያነሰ ነው። በመንገድ ዳር የተተከለ ምልክት ካለ ምልክቱ ይከበራል። ሌሎች አገሮችም በተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። በጀርመን ተሳቢ የሚጎትት አውቶሞቢል በመደበኛነት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ 100 የሚፈቀደው በተለየ ሁኔታ ተመርምሮ ምልክት ለተሰጠው ብቻ ነው። በእንግሊዝ ባለ አንድ አካፋይ ባልሆነ መንገድ ወሰኑ 50 ማይል፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር ነው። በካሊፎርኒያ ተሳቢ የሚጎትት ሁሉ ከ55 ማይል፣ ይህም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለፍ አይችልም። እነዚህ አገሮች ከብትና የፈረስ ጋሪ በማይገኝበት ጥርጊያ ላይ 80ን ጣሪያ ካደረጉ፣ ከኢተያ እስከ አሰላ ላለው መንገድ 80 ዒላማ ሊሆን አይገባም።

ሕጋዊው ወሰን እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እምነት የራሱ ፍሬን ያለውና በአግባቡ የተጫነ ቀላል ተሳቢ በደረቅና ቀጥ ባለው የመንገዱ ክፍል ከ70፣ ፍሬን የሌለው ከ60 ባይበልጥ መልካም ነው። ከተማና የገበያ ቀን ሕዝብ ባለበት 30 ይበቃል። በክረምት ጠዋት በበቆጂ በኩል ጭጋግ ሲወርድ፣ ወይም ትራክተሮች ከማሳ ያወጡት ጭቃ በአስፋልቱ ላይ ሲገኝ ቁጥር መጥቀስ አይጠቅምም፤ በሚታየው ርቀት ውስጥ መቆም የሚቻልበት ፍጥነት ብቻ ነው ትክክለኛው።

ዛፍ በሌለው የስንዴ ሜዳ ላይ የጎን ነፋስ ተሳቢውን ያለ ከልካይ ስለሚያገኘው፣ ቀጥ ያለውና ደልዳላው ቦታም ቸል የሚባል አይደለም። በተለይ ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ የመጣ አሽከርካሪ ሊጠነቀቅ ይገባል። እስከ 120 የሚነዳበትን መንገድ ለቆ ከአዳማ ወደ አሰላ ሲታጠፍ ዓይኑና እግሩ ገና በቀድሞው ፍጥነት ላይ ናቸው፤ 80 ለእሱ የቆመ ያህል ይመስለዋል።

በ60 መጓዝ ጊዜ ያባክናል የሚል ክርክር ይነሣል። ስሌቱ እነሆ። ከአዳማ እስከ አሰላ ያለው 75 ኪሎ ሜትር ያለ ማቋረጥ በ80 ቢነዳ 56 ደቂቃ፣ በ60 ቢነዳ 75 ደቂቃ ይፈጃል። ልዩነቱ 19 ደቂቃ ነው፤ መንገድ ላይ በሚያጋጥመው መቆምና መቀነስ ምክንያት በተግባር ከዚህም ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነትን በ5 በመቶ መቀነስ ሞት የሚያስከትሉ አደጋዎችን በ30 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል።

መወዛወዝ ከጀመረ

ተሳቢው ሲወዛወዝ የሰው ተፈጥሮ ሁለት ነገር ያዛል፤ ፍሬን መርገጥና መሪ ማዞር። ሁለቱም ይጎዳሉ። ውዝዋዜው በሰከንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሄዶ ስለሚመለስ የአሽከርካሪው መሪ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል፣ በዚህም ያባብሰዋል። ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ደግሞ ተሳቢው መኪናውን ከኋላ ይገፋውና ሁለቱ መሃል ላይ ይታጠፋሉ። መደረግ ያለበት እግርን ከነዳጅ ፔዳል ማንሣትና መሪውን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መያዝ ነው። የተሳቢው ፍሬን ለብቻው የሚታዘዝ ከሆነ እሱን ቀስ አድርጎ መያዝ ይረዳል። ነዳጅ በመጨመር “ጎትቶ ማቃናት” የሚባለው ዘዴ ፍጥነቱን ወደ ባሰው ወሰን የሚያደርስ ስለሆነ አይሞከር። ከተረጋጋ በኋላም ጉዞውን በዝቅተኛ ፍጥነት መቀጠል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ አመቺ ቦታ ላይ ቆሞ ጭነቱን፣ የጎማውን ነፋስና መጎተቻውን ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ጎማ ካነሣን አይቀር፣ በብዙ ባለንብረቶች ዘንድ ከመኪናው የወረደ አሮጌ ጎማ “ለተሳቢው ይሆናል” ተብሎ ይገጠማል። ነፋሱ የጎደለ ወይም ጎኑ የላላ ጎማ ውዝዋዜን ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ በቁልቁለት ላይ ሲፈነዳም ተሳቢውን የሚይዝ ነገር አይኖርም። ጥሩው ጎማ ለተሳቢውም ይገባል።

ከመንገድ በፊት የሚሟሉ ሰነዶች

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሳቢም ተሽከርካሪ ነው። ስለዚህ የራሱ ምዝገባና ሰሌዳ ያስፈልገዋል፤ የቴክኒክ ምርመራውም በጎታቹ መኪና ቦሎ አይሸፈንም። ተበይዶ የተሠራ ተሳቢ ያላቸው ባለንብረቶች ከመጠቀማቸው በፊት በሚኖሩበት አካባቢ ወዳለው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀርበው ስለ ምዝገባው ማስረዳት ይኖርባቸዋል። የአሽከርካሪው መንጃ ፈቃድ ምድብም ተሳቢ ለመጎተት የሚያስችል መሆኑ ይታይ። የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን አስገዳጅ እንደመሆኑ የመድን ውሉ ተሳቢውን የሚያካትት መሆኑን ኩባንያውን በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ይህ ጥያቄ ከአደጋ በኋላ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ክርክር ያስከትላል።

በጉዞ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው ካጋጠመ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 ይገኛል። በቁልቁለት ላይ የቆመ ተሳቢ ሳይታሰብ ሊንሸራተት ስለሚችል፣ ወደ ተጎዳው ከመቅረብ አስቀድሞ ጎማዎቹን በድንጋይ ማስደገፍ አይረሳ፤ መንገዱ ከተለቀቀ በኋላም ድንጋዩን ማንሣት የአሽከርካሪው ግዴታ ነው።